ሦስተኛ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የድሬዳዋ የሳቢያን ልጅ ነው። 150 ሲሲ የቻይና ሞተር ይዞ ከዚራና መጋላ ዕቃ ያመላልሳል። በ5 ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ቀይሯል። ጠዋት ማስነሻውን ሲጫን «ጢቅ ጢቅ» ብሎ ዝም ይላል። ክላክሱ እንኳ ድምፅ ባጣበት ቀን፣ በእግሩ ሲረግጠው ግን በአንዴ ይነሳል። የፊት መብራቱ ነዳጅ ሲሰጠው ቦግ ስለሚል «ቻርጅ ማድረጉንስ ያደርጋል መሰለኝ» ይላል። አንዱ መካኒክ ሬጉሌተር (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚገራውን) ቀይር ብሎታል። ሌላው ማግኔቱ (ኤሌትሪክ አመንጪው) ይጠቅለል ብሎታል። ባትሪ ሻጩ ደግሞ ሦስተኛውን ባትሪ አቧራውን አራግፎ እየጠበቀው ነው። «ቴስተር ገዝቻለሁ፣ አጠቃቀሙን ግን አላውቅበትም። እቤቴ ሆኜ ጥፋቱን ማግኘት እችላለሁ ወይ?»

ትችላለህ ወንድሜ። ቡናው ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ድረስ ትጨርሳለህ። እንዲያውም የጻፍከው ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ባትሪው ሞቶ ክላክሱ ድምፅ አጥቶ፣ በእግር ሲረገጥ የሚነሳ ሞተር ብልጭታውን ከባትሪው አይለምንም፤ ከማግኔቱ ነው የሚያገኘው። ካንዴላህ (ብልጭታ ሰጪው) ደህና ነው፣ ነዳጅህ ደህና ነው። እነሱን አትነካካ። የምንፈልገው ሌባ ከሦስት ሰፈር አይወጣም። ወይ ባትሪው ውስጥ ነው፣ ወይ ባትሪውን የሚሞሉት ማግኔቱና ሬጉሌተሩ ጋ ነው፣ ወይ በመሃል ያለው ሽቦ ውስጥ ተደብቋል። በ17 ዓመት ሥራዬ ያየሁት፣ ሰው ሁሉ ሁለቱን ሰፈር ፈትሾ ሦስተኛውን ይዘለዋል። ሽቦ ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ። የሚሸጥልህ ሰው የለም።

መጀመሪያ ስለ መብራቱ ልንገርህ፤ ስንቱን አሳስቷል አቦ! ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና የፊት መብራቱን አብራ። ካልበራ፣ መብራትህ ከባትሪው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ሞተር የፊት መብራቱ ከማግኔቱ በቢጫ ሽቦ ቀጥታ ይመጣለታል። ባትሪውን የሚሞላው ሌላ ሽቦ ነው። ስለዚህ መብራቱ ጨለማውን ሁሉ ቢያነጋው ባትሪው አንዲት ጠብታ ላያገኝ ይችላል። ቴስተር የሌለው ሰው መመልከት ያለበት ፍሬቻውን ነው፣ ፍሬቻ ከባትሪው ነው የሚበላው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው) እየሠራ ፍሬቻውን አብራ፣ ከዚያ ነዳጅ ስጠው። ደመቅ ካለ አንድ ነገር እየገባ ነው። እንደ ደከመ ሰው ዓይን ማርገብገቡን ከቀጠለ፣ ምንም አይገባም።

አንተ ግን ቴስተር አለህ፣ ስለዚህ መገመት አያስፈልገንም።

ጥቁሩን ገመድ «ኮም» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰካ። ቀዩን የቮልትና የኦም ምልክት ያለበት ውስጥ። ሦስተኛ ቀዳዳ አለ፣ 10 አምፒር የሚል። ቀዩ ገመድ እዚያ ተሰክቶ እያለ ባትሪ እንዳትነካ። ባትሪውን በቀጥታ ኮንታክት ማድረግ ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ ይህን አድርጎ የገመዱ ላስቲክ እጁ ላይ ቀልጧል። መዞሪያውን ቀጥ ያለ መስመር ወዳለበት ቮልት፣ 20 ላይ አድርገው። የባትሪ መለኪያህ ይህ ነው። የማዕበል ምልክት ያለበት ቮልት ለማግኔቱ ነው፣ እሱ ጋ በኋላ እንደርሳለን።

የመጀመሪያውን ንባብ ጠዋት ውሰደው፣ ሞተሩን ሳትነካ፣ ቁልፉን ሳትከፍት። ማታ ከሥራ እንደገባህ ብትለካ ቁጥሩ ይዋሽሃል፤ ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት ከአቅሙ በላይ ያሳያል። ሌሊቱን ያረፈ ባትሪ ግን እውነቱን ይናገራል። 12.6 ወይም 12.7 ካሳየህ ሙሉ ነው። 12.4 ካለህ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ላይ ከደረሰ የቀረው እፍኝ ነው፣ «ጢቅ ጢቅ» የሚልህም ያኔ ነው። የምትሰማው ድምፅ የሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) አይደለም። ሪሌው (የሞተሪኖው ማብሪያ) በሩን ከፍቶ፣ ሞተሪኖው መጎተት ሲጀምር ቮልቱ ወድቆበት፣ መልሶ ሲዘጋ ነው።

አንድ ቁጥር ለይተህ አስታውስ፣ 10.5። የእኛ ባትሪ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም 10.5 ላይ የሚቆም ባትሪ አንዱ ክፍሉ ሞቷል። እሱን የሚያድነው ቻርጀር የለም።

ሁለተኛው ንባብ ማስነሻውን እየተጫንክ ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ባትሪው ጫፍ ላይ ያዝ፤ ገመዱ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሰው ካለ ማስነሻውን ይጫንልህ። 12.6 የነበረው ሲጫን 10 ወይም 11 ላይ ቆሞ ሞተሩ ከተነሳ፣ ባትሪው ጎበዝ ነው። ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል ወይም አልሞላም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ቮልቱ 12.4 ላይ እንዳለ ሳይነቃነቅ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ባትሪው ጥፋት የለበትም። ኤሌትሪኩ ከባትሪው አልወጣም ማለት ነው። ወይ የላላ ብሎን፣ ወይ የበሰበሰ ገመድ፣ ወይ የተቃጠለ ሪሌ፣ ወይ ያለቀ የሞተሪኖ ካርቦን ነው። ይህን አንድ ንባብ ሳይወስዱ ባትሪ የገዙ ሰዎችን ስንቱን ልቁጠርልህ።

ሦስተኛው ሞተሩ እየሠራ ነው። በእግርህ አስነሳው፣ የቴስተሩን ጫፎች ባትሪው ላይ ያዝ። በሚኒሞ 12.8 ወይም 13 ቢል አትደንግጥ። የዙር መለኪያው 4000 እና 5000 መካከል እስኪደርስ ነዳጅ ስጠው። ከ13.5 እስከ 14.5 ከወጣና እዚያው ከቆመ፣ ቻርጁ ጤነኛ ነው። ጠዋት ካየኸው ቁጥር ንቅንቅ ካላለ አይሞላም። ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ከወረደ ጭራሽ እየበላ ነው። 15ን ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ልጓሙ ተበጥሷል፤ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። የተቀቀለ ባትሪ ውሃው በየሳምንቱ ያልቃል፣ አምፖሎችህ ያለዕድሜያቸው ይቃጠላሉ፣ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታም ይመጣል። ከ15 በላይ ሲሆን የባትሪው ገመዶች በሚገባ ከጠበቁ ሌላ ነገር አትፈልግ፣ ሬጉሌተሩን ቀይር።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፋቸው። አንተ ከተናገርከው ስገምት፣ ሦስተኛው ቁጥርህ ከ13 በታች ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱ መካኒኮች የተጣሉበት ቦታ ደርሰናል። ማግኔቱ ነው ወይስ ሬጉሌተሩ?

ከሁለቱም በፊት ግን ሽቦው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ከገንደ ቆሬ ሞተሩን እየገፋ መጣ። ሦስት ባትሪ፣ ሁለት ሬጉሌተር ለውጧል። ማግኔቱም አንዴ ተጠቅልሏል። ባትሪው ላይ ስለካ 12.7፣ ነዳጅ ብሰጠው ያው 12.7። ከዚያ የቴስተሩን ጫፎች ወደ ሬጉሌተሩ ሶኬት ጀርባ ወስጄ ቀዩ (ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ የሚሄደው) እና አረንጓዴው (የኔጌቲቩ) ላይ ስለካ 14.3 አገኘሁ። ሬጉሌተሩ ድርሻውን ይልካል፣ ባትሪው ጋ አይደርስም። በመሃል 1.6 ቮልት የበላ ጅብ አለ። የጎኑን ክዳን ከፍቼ ሶኬቱን ስነቅለው እንደተጠበሰ ዳቦ ቡኒ ሆኗል፣ የአንዱ ቀዳዳ ፕላስቲክ ቀልጦ ሽቦውን አቅፎታል። የአረንጓዴውን ሽቦ ልባስ በጥፍሬ ገፈፍ ሳደርገው፣ ውስጡ መዳብ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ሞተሩን በየቀኑ በፕሬሸር ውሃ ያሳጥባል። ሽቦውን ቆርጬ፣ አዲስ ቀጥዬ፣ በቆርቆሮ ብየዳ አያይዤ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ከ20 ደቂቃ አልፈጀም። ያንን ሁሉ ገንዘብ ያስወጣው የአንዲት ጣት ርዝመት ያላት ሽቦ ናት።

አንተም እንዲህ ፈትሽ። ሞተሩ በ4000 ዙር እየሠራ፣ የፊት መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሬጉሌተሩ ሶኬት ላይ ቀዩ ሽቦ የሚገባበት ጀርባ ላይ አድርግ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፣ ስለዚህ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ማሳየት አለበት። ከ0.3 ካለፈ በመሃል የሚያንቅ ነገር አለ። አረንጓዴውንም እንዲሁ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ መለካት ዋጋ የለውም። ኤሌትሪክ ሳይፈስበት የበሰበሰ ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳያል። ውሃ ባልተከፈተበት ጊዜ የተደፈነ ቧንቧም ደህና እንደሚመስለው ነው።

ማሳውን አትርሳ። ማሳ ስልህ እርሻ አይደለም፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻሲው የሚሄደው ጥቁር ገመድ ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰው ስለነበሩ በፈረንሳይኛ «ማስ» ነበር የሚሉት፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ጊዜ ጀምሮ ያ ግቢ ፈረንሳይኛ ሲወርድበት የኖረ ነው። «ማስ ያልጠበቀ ሞተር፣ ሚስቱን ያላመነ ባል ነው» ይሉ ነበር፤ ትርጉሙ እስካሁን አልገባኝም። ምክራቸው ግን ትክክል ነው። የማሳውን ብሎን ፍታ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለምና ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍግ፣ መልሰህ አጥብቅ፣ ላዩን ቫዝሊን ቀባ። አንዳንድ ሬጉሌተር ማሳውን የሚያገኘው በራሱ ብሎን በኩል ነው፤ እሱንም እንዲሁ አድርግ። የባትሪውን ሁለት ጫፎችም አይተህ እለፍ። ነጭ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ካለ፣ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠህ እጠበው፤ የባትሪው ቀዳዳ ውስጥ ግን እንዳይገባ። ቫልቮላውንም (ፊውዙን) አውጥተህ እየው። ብርማ የሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሎበት ካገኘህ፣ ከአንተ በፊት ሞተሩን የያዘው ሰው ሰላምታ አቅርቦልሃል።

ሽቦው ንጹሕ ሆኖ አሁንም አልሞላ ካለ ወደ ማግኔቱ እንሂድ። ማግኔት የምንለው በሞተሩ ጎን የሚሽከረከረውን ማግኔትና በውስጡ ያለውን የመዳብ ጥቅል አንድ ላይ ነው። መክፈት አያስፈልግም፣ ሽቦው ውጭ ድረስ ይመጣል።

የፊት መብራቱን መጀመሪያ አጥፋ። ይህን ካላደረግክ አምፖሉን ታቃጥለዋለህ፣ ምክንያቱም ሬጉሌተሩን ልንነቅለው ነው፣ መብራቱን የሚገታው ደግሞ እሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የሬጉሌተሩን ሶኬት ንቀል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦ ታያለህ። ነጩ ከማግኔቱ ለባትሪ የሚመጣው ነው፤ አንዳንዱ ላይ ሮዝ ይሆናል። ቢጫው የመብራቱ፣ ቀዩ ወደ ባትሪ የሚሄደው፣ አረንጓዴው ማሳ ነው። ቴስተሩን የማዕበል ምልክት ወዳለው ቮልት፣ 200 ላይ አዙረው። በእግርህ አስነሳና ከሞተሩ በኩል በሚመጣው ሶኬት ላይ ነጩንና አረንጓዴውን ለካ። ዋናው ቁጥሩ አይደለም፣ ከዙሩ ጋር አብሮ መውጣቱ ነው። በሚኒሞ አሥር ምናምን ብሎ ነዳጅ ሲሰጠው 20ን፣ 30ን እያለፈ ከወጣ ማግኔቱ ደህና ነው። እዚያው ሁለትና ሦስት ቮልት ላይ ከተንቀራፈፈ፣ ጥቅሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው በመንገድ ተቆርጧል።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ ቴስተሩን ኦም 200 ላይ አድርግ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አገናኝ። 0.3 ወይም 0.4 ይልሃል፤ የገመዱ የራሱ ነው፣ ከምታገኘው ላይ ቀንሰው። ነጩንና አረንጓዴውን ስትለካ ከ1 ኦም ብዙም የማይርቅ ነገር ታገኛለህ። ምንም ካላሳየ ጥቅሉ ተበጥሷል።

አሁን ሁለተኛው መካኒክ ለምን «ማግኔቱ ይጠቅለል» እንዳለህ የምጠረጥረውን ልንገርህ። ከበድ ያሉ ሞተሮች ላይ ከማግኔቱ ሦስት ቢጫ ሽቦ ይወጣል። እነዚያ ሦስቱ ከሞተሩ ብረት ጋር ጨርሶ መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ ጥቅሉ ማሳ ሠርቷል፣ ያበቃለት ነው። ይህ ሕግ ትክክል ነው፣ ለእነሱ። አንተ የያዝከው ዓይነት ላይ ግን የጥቅሉ አንድ ጫፍ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ከሞተሩ ብረት ጋር የታሰረ ነው። ከማሳ ጋር መገናኘቱ ተፈጥሮው ነው። የሦስት ሽቦውን ሕግ ይዞ አንተ ሞተር ላይ የመጣ ሰው፣ ቴስተሩ «ጲጵ» ሲልበት «ማሳ ሠርቷል» ይላል፣ ጤነኛውን ጥቅል ፈትቶ ይጠቀልላል። ሰውየው ሌባ ላይሆን ይችላል። ሕጉን የተማረው ከሌላ ሞተር ላይ ነው። ስለዚህ ከማስጠቅለልህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቀው። «ነጩ ላይ ስንት ቮልት አገኘህ?» ቁጥር ካልነገረህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ።

ማግኔቱ ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ ባትሪው ላይ ግን አሁንም ከ13 በታች ከሆነ የቀረው ሬጉሌተሩ ብቻ ነው። ያኔ የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ነበር። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ የሶኬቱ ቅርጽ ተመሳስሎ የሽቦው አቀማመጥ የሚለያይ ሬጉሌተር ሞልቷል። በቅርጹ ብቻ አምነህ የሰካኸው ሬጉሌተር ከደቂቃ አይዘልም።

ሦስተኛው ንባብህ 14 ገደማ ሆኖ፣ ጠዋት ግን ባትሪው ወርዶ ካገኘኸው፣ ሌሊት የሚጠጣ አለ። አላርም አስገጥመሃል? የስልክ ቻርጀር? ከኋላ የሚያብረቀርቅ ኤልኢዲ? ቁልፉን ዝጋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍታ፣ አሁን ቀዩን የቴስተር ገመድ 10 አምፒር የሚለው ውስጥ ሰክተህ በገመዱና በባትሪው መካከል አስገባው። ማስነሻውን እንዳትነካ። ምንም ያልተጨመረበት ሞተር ዜሮ ማለት አለበት። 0.05 ካሳየህ ትንሽ ይመስላል፤ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ነው፣ የአንተን 7 አምፒር ባትሪ በሳምንት ውስጥ ያደርቀዋል። የተጨመሩትን አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ሌባውን ይዘኸዋል። ስትጨርስ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልቱ ቀዳዳ መልሰው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሥራህ ራሱ። አንድ ማስነሳት የሚበላው ብዙ አይደለም። ሞተሪኖው 60 አምፒር ለ3 ሰከንድ ቢስብ 0.05 አምፒር ሰዓት ነው። አንተ ግን ዕቃ አድራሽ ነህ፣ በየበሩ ታጠፋለህ፣ በየበሩ ታስነሳለህ። ቀን 20 ጊዜ ካስነሳህ 1 አምፒር ሰዓት ሄደ። በመሃል የምትነዳው ከዚራ ለከዚራ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ አሥር ደቂቃ ነው። ደንገጎን ወጥቶ ሐረር የሚመላለስ ሰው ባትሪው በመንገድ ይሞላለታል፤ የከተማ ሞተር ግን ቻርጁ ጤነኛ ሆኖም እየጎደለ ሊሄድ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ግማሹን ጊዜ በእግርህ ርገጠው።

አንድ ልማድ ግን ልለምንህ፣ ተው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል። «ካልጠፋ ማግኔቱ ይሠራል» የሚባለው ፈተና። ሬጉሌተሩ ትርፉን የሚያፈስበት ባትሪ ሲያጣ ቮልቱ ወደ ላይ ይወነጨፋል። አምፖል ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ሲዲአዩን (ብልጭታውን የሚያዝዘውን ሳጥን) ይዞ ይሄዳል። አንተ ሞተር ላይ ደግሞ ምንም አይነግርህም፤ ብልጭታው ከባትሪው ስላልሆነ ነቀልከው አልነቀልከው አይጠፋም።

ሁለቱ ባትሪዎች ለምን ቶሎ ሞቱ? ቻርጅ ካላገኙ መልሱ እሱ ነው። ባትሪ ጎድሎ በቆየ ቁጥር ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ድሬ ደግሞ ምሕረት የላትም። በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር 35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ወንበር ሥር ያለውን አስበው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከቀኑ 7 ሰዓት ከተማው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ ሞተርህንም አስጠጋው።

ውሃውም አለ። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ከጎኑ እየው፣ ከታችኛው መስመር በታች መውረድ የለበትም። ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ አይደለም፣ የቧንቧ ውሃ ጭራሽ አይደለም። የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ። እናትህ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት እየው። በካቻቢቴ ነው የሚፈቀፈቀው። ባትሪው ውስጥ ስትጨምረው ያው ኖራ ነው የሚገባው። ሙሉ ለሙሉ የታሸገ ባትሪ ከሆነ ግን ክዳኑን እንዳትፈለቅቅ፣ እሱ ውሃ አይጠይቅም።

ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ግን አዲስ ሲሸጥልህ ምን እንደተደረገ ነው። ደረቅ ባትሪ አውርደው፣ እዚያው ፊትህ አሲድ ሞልተው፣ ሞተሩ ላይ አስረው «ሂድ» ብለውህ ከሆነ፣ ባትሪው ሕይወቱን በርሃብ ነው የጀመረው። አሲድ የተሞላ ባትሪ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያርፋል፣ አሲዱ በሳህኖቹ ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ እንደገና እስከ መስመሩ ይሞላል፣ ከዚያ በዝግታ ቻርጅ ይደረጋል። በዝግታ ማለት የአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው። ለ7 አምፒር ባትሪ 0.7 አምፒር፣ ለአምስት እስከ አሥር ሰዓት። የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርጉበት ቤት ወስደህ ከአይሱዙ ባትሪ ጎን ካስቀመጡልህ በሰዓት ውስጥ ይቀቅሉታል። ለሞተር የተሠራ ትንሽ ቻርጀር ግዛ። ከሦስተኛው ባትሪ ይረክሳል። ክዳኖቹን ከፍተህ ነፋስ ያለበት ቦታ አድርገው፣ ከከሰል ምድጃው ርቆ። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ ፍም አይወድም። ቡናው በረንዳ፣ ባትሪው ጓሮ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁለቱን አሮጌ ባትሪዎች ምን አደረግካቸው? ለቁራሌው ካልሸጥካቸው አውጣቸው። በተለይ ሁለተኛውን፤ ጥቂት ወሩ ነው። ውሃው ከጎደለ በተጣራ ውሃ ሙላው፣ በ0.7 አምፒር ሌሊቱን ሰክተህ እደር፣ ንቀለውና ሙሉ ቀን ይረፍ። በማግስቱ ጠዋት ለካው። 12.6 አካባቢ ካለና ማስነሻውን ስትጫን ከ10 በላይ ከቆመ ባትሪው ሳይሞት ነው የቀበርከው፤ ሽቦህን አስተካክልና እሱኑ መልሰህ እሰር። 10.5 ካለህ ለቁራሌው ስጠው፣ እንደታሸገ፣ ከነአሲዱ። ግቢ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ዶሮዎቹ እዚያ ነው የሚጭሩት።